የግቢ ሰዎች

ሚኒባሱ ቡራዩን ጨርሶ የገፈርሳን ውሃ ሲያልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ይጀምራል። ከመናገሻ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ በባሕር ዛፍ ይታጠራል፤ በዛፎቹ መሃል የአበባ እርሻዎቹ ነጭ ላስቲክ እንደ ሐይቅ ያበራል። ቀጥሎ ሆለታ ነው። ጋሪና ባጃጅ አስፋልቱን ይሻማሉ። በአስፋልቱ ዳር ባለመስታወት ፎቆች ተሰልፈዋል፤ ግማሾቹ ብረታቸውን ወደ ሰማይ እንዳንጨፈረሩ ቀርተዋል። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ገባ ሲሉ ግን ከተማው ይለወጣል። እዚያ ያለው ጭቃ፣ ቆርቆሮና አጥር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእነዚህ የውስጥ መንገዶች በአንዱ ቢያልፉ ጭቃ የሚረገጥበት ግቢ አያጡም። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ተቆፍሯል። የጤፍ ጭድ ተበትኖበት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀናት ከርሟል፤ አሁን ሽታው እንደ ቡሆ ይከነክናል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ጎረምሶች ይረግጡታል። በሌላው በኩል አናጢው የባሕር ዛፍ ቋሚዎችን በየስንዝሩ ተክሎ ማገሩን በምስማር ይመታል። የቋሚዎቹ እግር ጥቁር ነው፤ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተቀብቷል። ሴቶች ጭቃውን በባሬላ ያመላልሳሉ። መራጊው እፍኝ እፍኝ እያነሳ በማገሩ መሃል ይመታዋል፤ ጭቃውም ተመትቶ ይጣበቃል። ምሳው የባለቤቶቹ ነው፤ ጉልበቱ ከፊሉ የተከፈለበት፣ ከፊሉ የጎረቤት ነው። አማርኛው ደቦ ይለዋል። እዚህ በኦሮምኛም ቃሉ ሩቅ አይደለም።

እዚህ ቦታ ላይ አርክቴክት የለም። ወይም ደግሞ ብዙ አለ። ክፍሉ ስንት እርምጃ እንደሚሆን የወሰነችው የቤቱ እመቤት ናት። የጣራው ክፈፍ ምን ያህል ወጥቶ ግድግዳውን ከዝናብ እንደሚከልል የሚያውቀው አናጢው ነው። በሩ በየት በኩል እንደሚዞር ደግሞ የንፋሱን መምጫ የሚያውቁት ሽማግሌ ተናግረዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ፊርማውን ቢያኖር ባለሙያ ይባል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ወረቀቱ ላይ የሉም።

ስለ አዲሱ የኢትዮጵያ አርክቴክት ትውልድ ለመጻፍ ከአዲስ አበባ መስታወት ይልቅ ይህን ግቢ የመረጥኩት ለዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት ከገጠር፣ ከክልል ከተሞች፣ ከሴቶች ወገን፣ ከውጭ አገር ከኖሩ ቤተሰቦች የመጡ ወጣቶች ሙያውን እየተቀላቀሉ ነው። ብዙዎቹ ፍትሐዊነትና ማኅበረሰብ የሚሉ ቃላትን ደጋግመው ያነሳሉ። ቃላቱ መልካም ናቸው። የሚፈተኑት ግን ሆለታን በመሰለ ግቢ ውስጥ ነው።

ግቢው ሲታይ እንዲህ ነው። ከፊት ዋናው ቤት አለ፤ ሳሎንና ሁለት መኝታ፣ ከበሩ ፊት ስሚንቶ የፈሰሰበት በረንዳ። ከኋላ፣ አጥሩን ተጠግቶ፣ ሰርቪስ የሚባለው ረድፍ አለ፤ አራት ወይም አምስት በር ያላቸው ጠባብ ክፍሎች። ሰርቪስ የሚለው ቃል ድሮ ለኩሽናና ለሠራተኛ ማደሪያ የተሰጠ ነበር። ዛሬ በሆለታ፣ በሰበታና በቡራዩ ሰርቪስ ማለት ኪራይ ነው። በአንዱ ክፍል ከአበባ እርሻ ተመልሰው የሚያድሩ ሁለት ሦስት ወጣት ሴቶች አሉ። በሌላው ባጃጅ ነጂ ከሚስቱና ከልጁ ጋር፣ በሦስተኛው ደግሞ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ተማሪ ይኖራል። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ ነው። ቁጥር ካየን የግቢው አብዛኛው ሰው የሚኖረው ከኋላ ነው።

ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ፕላን ላይ ግን በጥንቃቄ የሚሣለው ዋናው ቤት ነው። ሳሎኑ ሶፋ ተሥሎበታል፤ መኝታ ቤቱ አልጋ፣ መታጠቢያው ገንዳ አለው። ሰርቪሱ አንዳንዴ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ስሙ ብቻ ይጻፍበታል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይኖርም። በአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ልብ ቢል ይገርመዋል። ብዙ ሰው የሚኖርበት ክፍል ያልታሰበበት ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ አጥር ይከፈታል ወይም አይከፈትም። ጭስ መውጫ የለውም፤ ምግብ ግን በውስጡ ይበስላል። ከበር እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ማታ ጨለማ ነው፤ ለአንድ ወጣት ሴት ያ ሃያ እርምጃ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ፕላኑ ላይ ያሉት ጽሑፎች ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ናቸው። ሊቪንግ ሩም፣ ማስተር ቤድ ሩም፣ ስቶር ይላሉ። የቤቱ ባለቤት ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ያነባሉ፤ የራሳቸውን ቤት ሥዕል ግን ሰው እንዲያነብላቸው ይጠብቃሉ። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሙያው በማን ቋንቋ እንዳደገ የሚናገር ትልቅ ምልክት ነው።

ሙያው የመጣው ከውጭ ነው። የምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በአርመኖች፣ በሕንዶች፣ በግሪኮች፣ በጣሊያኖችና በስዊሶች እጅ ነበር የተነሣችው። ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ለንጉሡ መሐንዲስም አማካሪም ነበር። አርመናዊው ሚናስ ኸርቤኪያን ሕንጻዎች ሠራ፤ ሕንዳዊው ሐጂ ቀዋስ የእንጨት ሰገነትና ጥልፍ የመሰለ ቅርጽ ያመጡትን ሠራተኞች ይመራ ነበር። ከሆለታ በስተምዕራብ በዚያው መንገድ ያለችው አዲስ ዓለም ራሷ የዚያ ዘመን ዕቅድ ናት፤ ንጉሡ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር። በአዲስ አበባ እንጨት አልቆ ነበርና። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን ባያተርፍ ኖሮ ሆለታ ዛሬ የዋና ከተማ ሰፈር ትሆን ነበር ማለት ይቻላል። ሆለታ ገነትም በዚያ ዘመን የንጉሡ ግቢ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነች። ዛሬ ማገር ሆኖ ጭቃ የሚሸከመው ያው ባሕር ዛፍ ነው።

የስዊድን ነገር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ከመውረሯ ጥቂት ወራት ቀድሞ በሆለታ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን መኮንኖች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በስዊድን ድጋፍ የሕንጻ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህ ተቋም በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ ሕንጻ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኢኣቢሲ፣ ሆኗል። ለአሥርት ዓመታት አርክቴክት ለመሆን ወደ ልደታው ግቢ መግባት ወይም ከአገር መውጣት ነበር ምርጫው። በዚያ ዘመን ከወጡት መካከል ሚካኤል ቴድሮስ አሉ፤ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንጻ ሠርተዋል። የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ግን ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው።

በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙ ነገሩ ተለወጠ። መቐለ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ አርክቴክቸር ማስተማር ጀመሩ። ይህ ለውጥ ከታሰበው በላይ ትልቅ ነው። የጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ልጅ የዲዛይን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አስቂኙ ነገር ግን መምህሩ ስለ ዘመናዊው አርክቴክት ስለ ሌ ኮርቡዚዬ ሲነግረው ልጁ የአባቱን ቤት እንደ ስህተት ማየት መጀመሩ ነው። ሥራውን በሚገመግመው ጁሪ ፊት ሲቆም የሚያቀርበው መስታወትና አርማታ ነው። የጭቃ ቤት ፕሮጀክት የሚያመጣ ተማሪ ገጠሬነቱን ማስረዳት የሚኖርበት ይመስለዋል። እኔ በግሌ ከአንድ በላይ ወጣት አርክቴክት ይህን ሲል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ጠባይ ነው ብዬ አልተወውም።

ሴቶቹም እንዲሁ በጥቂቱ ገቡ። በግንባታ ቦታ ላይ ሴት ሁልጊዜ ነበረች፤ ባሬላ የምትሸከመው፣ አሸዋ የምታበጥረው፣ ደመወዟም ከወንዱ የሚያንሰው እሷ ናት። ፎርማንና መሐንዲስ ሆና መምጣቷ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ስማቸው ጎልቶ ከወጡት አንዷ ራሔል ሻወል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ራስ አርክቴክትስን መሠረቱ። ከዚያ በፊት አባል የነበሩበት አባ አርክቴክትስ ከሆላንዳውያኑ ዲክ ቫን ጋሜረንና ብያርነ ማስተንብሩክ ጋር የኔዘርላንድስን ኤምባሲ ሠርቷል። ከባሕር ዛፍ መሃል እንደ ላሊበላ ድንጋይ የተፈለፈለ የሚመስለው ያ ቀይ ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት አግኝቷል። ራሔል በኋላ አካዚ የሚባል መድረክ አቋቁመው የአፍሪካ ወጣት ሴት አርክቴክቶችን ይመክራሉ፤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም የሎብ ፌሎው ነበሩ። የመንገድ መክፈት ነገር እንደዚህ ነው፤ አንድ ሰው ካለፈ በኋላ ሌላው እሾህ አይወጋውም።

በዚያው በ2007 ሽልማት ከኤምባሲው ጎን የተሰለፈ ሌላ ሥራ ነበር። በባንግላዴሽ ሩድራፑር መንደር ከጭቃና ከቀርከሃ የተሠራ ትምህርት ቤት ነው፤ ከነደፉት አንዷ ጀርመናዊት አርክቴክት አና ሄሪንገር ስትሆን የሠሩት ደግሞ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ለተወለደበት መንደር ለጋንዶ በሠራው ትምህርት ቤት ያንኑ ሽልማት ተቀብሏል። ኬሬ ከመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው ነበር። አድጎ በጀርመን አርክቴክቸር ሲማር ገንዘብ ሰበሰበ፤ የመንደሩ ሰው ጡቡን ከሸክላ አፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ ሠራ፤ ሴቶች ወለሉን እየደበደቡ ጠፈጠፉ። ቆርቆሮው ከጣሪያው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ በመሃሉ ንፋስ ያልፋል፤ ክፍሉም ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኬሬ ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ፕሪትዝከርን ሲወስድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

የእኛ ወጣቶች ኬሬን ይወዱታል፤ የሚወደድም ነው። ሆኖም ጋንዶን ወደ ሆለታ መገልበጥ አይቻልም። የጋንዶ ጠላት ሙቀት ነው፤ የሆለታ ጠላት ብርድና ዝናብ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ክረምት ለሦስት ወር በሚዘንብበት ቦታ፣ ንፋስ የሚያስገባ ጣራ ማንንም አያስደስትም። እዚህ የሚያስፈልገው ሙቀትን የሚይዝ ወፍራም ግድግዳ፣ ዝናቡን ከግድግዳው እግር የሚያርቅ ድንጋይ መሠረትና ሰፊ ክፈፍ ነው። አናጢው ይህን ያውቃል። ከኬሬ መማር ያለብንም ቅርጹን ሳይሆን አናጢውን መጠየቁን ነው።

ጭቃን ወደ ዲዛይን የመለሱት ሥራዎች በእኛም አገር አሉ። ኢኣቢሲ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሱዱ የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በአዲስ አበባ ግቢው ውስጥ ሠርቷል። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ የመሃል ወለሉን የተሸከመው በስስ የአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት ነው። ዓላማው ከውጭ በሚመጣ ብረትና ውድ በሆነ ሲሚንቶ ፋንታ የአገር አፈር ፎቅ ሊሆን እንደሚችል ማሳየት ነበር። በመካኒሳ ደግሞ አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. ዞማ ቤተ መዘክርን ከፈቱ። ጭድ የተቀላቀለው ጭቃ በግድግዳው ላይ እየተገመደ እንደ ሐረግ የሚወጣበት ያ ቦታ ለብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ጭቃ ቆንጆ ሊሆን እንደሚችል የተማሩበት ነው።

ዞማን እወደዋለሁ። ደግሞም ከዚያ ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጭቃ ቤተ መዘክር ውስጥ ሲገባ ጥበብ ይባላል፤ ሆለታ ላይ ሲቆም ግን ድህነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ለቤቱ የጭቃ ግድግዳ ሲያሠራ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ሰርቪስ ውስጥ የምትኖር የአበባ እርሻ ሠራተኛ ግን ሕልሟ ብሎኬት ነው፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ብሎኬት ለእሷ ምስጥ የማይበላው፣ ባለቤቱ ኪራይ ሲጨምር ቢያንስ ዝናብ የማያስገባ ግድግዳ ነው። ስለ ማኅበረሰብ የሚናገር አርክቴክት ጭቃን ለእሷ የሚሰብክ ከሆነ ከመጀመሪያው ስቷል። መጀመሪያ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ መልሱ ብሎኬት ከሆነ ብሎኬቱን በደንብ መሥራት ነው።

ከአዲስ አበባ ርቆ ጣና ሐይቅ አካባቢ በአማራ ክልል ቡራ በተባለ ስፍራ የተጀመረውን ሙከራ የማነሳው ለዚህ ነው። የሙከራው ስም ቡራነስት ነው። ስዊሱ ፍራንዝ ኦስዋልድና አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከተማ እንዲጀምሩ ነው የነደፉት። መነሻው ውበት አይደለም፤ የዝናብ ውሃ ነው። ትልቅ ጣራ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ቀድሞ ይቆማል፤ ውሃውን ይሰበስባል፤ ከሥሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን በራሳቸው አቅም ይሞላሉ። ጣራ የጋራ፣ ግድግዳ የግል ነው። ይህ አስተሳሰብ ከሆለታ ግቢ ጋር ይዛመዳል፤ እዚህም ቧንቧው የጋራ ነው፣ ክፍሉ የግል። ልዩነቱ አንዱ ታስቦበት ሌላው በዘፈቀደ መሆኑ ነው።

መንግሥት የጋራውን ነገር አስቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በገርጂ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የሕንጻው ብሎኮች ከሚሠሩበት ጎን ኮሚዩናል የሚባል ቤት አቆመ። ዶሮ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድንኳን የሚጣልበት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ ማረድ አይቻልም፤ ይህን ያሰበ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበረ ማለት ነው። ዕጣው ላይም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ተቀመጠ። እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ካየኋቸው የዲዛይንና የፍትሐዊነት ውሳኔዎች ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የምሰጣቸው ናቸው። በኋላ በብዙ ቦታ ኮሚዩናሉ ለሌላ ሥራ ዋለ፤ እንጀራውም ወደ በረንዳው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ስናነሳ ግን ከአርክቴክቱ እርሳስ በፊት ያለ ነገር አለ። መሬት ነው። በሆለታ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ታሪክ የመሬት ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ስትሰፋ የእርሻ ማሳ ወደ ቦታ፣ ቦታው ወደ ካርታ፣ ካርታው ወደ ሚሊዮን ብር ይለወጣል፤ በዚህ መሃል ገበሬው በካሳ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሳውን ተቃውሞ፣ ይኸው ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነሥቶ መስፋፋቱንና የዕቅዱን መሰረዝ አንባቢ ያስታውሳል። ያ ሁሉ በአንድ በኩል ሲታይ የከተማ ዲዛይን ክርክር ነበር። በካርታው ላይ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም የተቀባው ቦታ የሰው ማሳ ነበር፤ ባለማሳው ግን ቀለሙ ሲቀባ አልተጠራም።

በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን የመሳሰሉት በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። በዚያው ዓመት ሕገወጥ የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ ፈረሳውና ስለ ተፈናቃዮቹ አስታወቀ። ለእነዚህ ቤቶች ከተማው የሰጣቸው ስም ጨረቃ ቤት ነው፤ በጨረቃ ብርሃን በአንድ ሌሊት የሚቆሙ። ስሙ ግጥም ይመስላል፣ ኑሮው ግን አይደለም። ጨረቃ ቤት የሚሠራ ሰው ግንባታውን በፍጥነት ማጠናቀቅ አለበትና መሠረት አይቆፍርም፤ ጭቃውንም አያስቦካም። ነገ ይፈርስ ይሆናል ብሎ ለሚሠራው ቤት ማንም ክፈፍ አያወጣም። ግድግዳው የሚሰነጠቀው ከባለቤቱ ድንቁርና አይደለም፤ ከፍርሃቱ ነው። መጥፎ ግንባታ አንዳንዴ የመሬት ሕግ ቅርጽ ነው፤ ባለሙያው የሚያየው ግን ስንጥቁን ብቻ ነው።

አንድ ወጣት አርክቴክት ታዲያ ምን ሊያደርግ ይችላል? የመሬት ሊዝ አዋጅን መለወጥ የእሱ ሥራ አይደለም። ካሳ የሚወሰንበትን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ንም እንዲሁ። ሆኖም ሕጉ በራሱ ውስጥ በሮች አሉት። የ2001 ዓ.ም. የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ በአምዶች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ አንድ ፎቅ ብቻ ያለው ቤት ምድብ «ሀ» ይባል ነበር። የሆለታ ግቢዎች በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ናቸው። ምድብ «ሀ» ማለት ጥያቄው ቀላል የሆነበት፣ ባለሙያውም ብዙ ገንዘብ የማያገኝበት ቦታ ነው። ያው አዋጅ የሕዝብ ሕንጻ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ መግቢያ ሊኖረው እንደሚገባ ያዝ ነበር። አንቀጹ ጥሩ ነው፤ በየቢሮው ደጃፍ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ከዚህ ሙያ ያገኘሁት በጣም ደስ የሚል ነገር አንዳንድ ወጣቶች ምድብ «ሀ»ን እንደ ዋና ሥራቸው ማየት መጀመራቸው ነው። ሆቴልና ሪል ስቴት ላይ ብቻ ዓይናቸውን አይጥሉም። ሰርቪሱን ይለኩታል። ከበር እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ይቆጥራሉ፤ መብራቱ የት መሆን እንዳለበት የሚያስቡት ማታ ተመልሰው በዚያው ሲሄዱ ነው። ፕላን ላይ «ሳሎን» እና «መኝታ» ብለው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጽፋሉ። ይህ ሥራ ሽልማት አያመጣም፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ምሳና ምስጋና ነው። አንዳንዶቹ በቀን በትልቅ ድርጅት ቀጥ ያለ የመስታወት ሕንጻ ሲሥሉ ውለው ማታ የሰርቪስ ረድፍ ይሥላሉ። ይህን ኑሮ አላሞግሰውም፤ የሚያደክም ነው። ለግቢው የሚያስቡ ባለሙያዎች በትርፍ ሰዓታቸው ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ጉዳዩ የሙያው ዳር ላይ ይቀራል።

ከውጭ ያሉትም ልጆች ወደዚያው ግቢ ሲመለከቱ አይቻለሁ። ኢትዮጵያዊው አማኑኤል አድማሱና አውስትራሊያዊቷ ጄን ውድ ኤድ-ዎ በሚባለው ቢሯቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በቬኒስ የአርክቴክቸር ቢየናሌ ላይ ያቀረቡትን ሥራ «ግቢ» ብለው ሰየሙት። አማኑኤል ከዚያ በፊት በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2021 በቀረበውና በጥቁሮችና በአርክቴክቸር ላይ ባተኮረው ኤግዚቢሽን ከተሳተፉት አንዱ ነው። የ2023ቱን ቢየናሌ ያዘጋጀችው ጋናዊ-ስኮትላንዳዊቷ ሌስሊ ሎኮ ስትሆን ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ ከአፍሪካ ወይም ከአፍሪካውያን ተወላጆች ነበሩ። ስለ አጥርና ስለ በር፣ ስለ ውስጥና ስለ ውጭ የሚናገር አንድ የአማርኛ ቃል በዓለም ትልቁ የአርክቴክቸር መድረክ ላይ መቆሙ ያኮራል። በኩራቱ ውስጥ ግን ትንሽ ሳቅ አለ። ሆለታ ላይ ግቢ ማለት ጄሪካን የተሰለፈበት ቧንቧ ነው፤ ለቬኒስ ጎብኚ ግን ለማብራራት ረጅም ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ቧንቧውን ካነሳን፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን ሲሆን ሰርቪስ ያሉት ሴቶች የአበባ እርሻው ሰርቪስ መኪና ላይ ከመሳፈራቸው በፊት ተራቸውን በጄሪካን አስይዘው ይሄዳሉ። ጎረቤት ይጠብቅላቸዋል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ማንም አልነደፈውም። ቢነደፍ ቧንቧው ከጎኑ ድንጋይ መቀመጫ ይኖረው ነበር፣ ውሃው የሚፈስበት ትንሽ ቦይ፣ ከላዩም የቆርቆሮ ጣራ። ሦስት አጠና፣ አንድ ሉህ ቆርቆሮ፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ። ሂሳቡን በወረቀት ጀርባ ላይ አስልቼ አውቃለሁ፤ ከአንድ ሳሎን መጋረጃ ይረክሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ ግቢ ረገጣው አልቋል። የመጀመሪያው ምርግ በማገሩ ላይ ተለጥፎ እርጥብ ጥቁር ሆኖ ያበራል። መራጊው እጁን ታጥቦ ቁጭ ብሏል። አሁን የሚሠራ የለም፤ ግድግዳው ይደርቅ ዘንድ ሳምንታት ይጠበቃል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሰንጠቁም የታወቀ ነው፤ ሁለተኛው ልስን የሚይዘው በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነው። ከኋላ በአጥሩ ጥግ የሰርቪሱ ቋሚዎች ተተክለዋል፤ አምስት በሮች ይሆናሉ። ለመስኮት የሚሆን ክፍት ቦታ የተተወላቸው ሁለቱ ናቸው። አናጢው ውሃ ልኩን ሦስተኛው ማገር ላይ አስቀምጦ አረፋው መሃል ላይ እስኪቆም ይጠብቃል።